ከምጣዱ ሥር እስከ መቅደሱ ግድግዳ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሚጀምረው ከማዕድ ቤት ነው። እንጨት በሚነድበት ጉልቻ ላይ ለዓመታት የተጣደ ድስት ወይም ምጣድ ቂጡ ላይ ጥቁር ነገር ይጋገርበታል። ባለቤቷ በአመድ ፍትግ አድርጋ የምታስለቅቀው፣ ልጅ የነካው እንደሆነ ከእጁ አልፎ ነጠላዋን የሚያበላሸው ያ ጥቀርሻ ነው። ቁም ጸሐፊ ግን ጥቀርሻውን አይጥለውም። በቢላ ፍቆ፣ በዕቃ አጠራቅሞ፣ ወራት የሚፈጅ ሥራ ይጀምርበታል። በየገዳሙ ዕቃ ቤት የተቀመጡት የብራና መጻሕፍት፣ ከወንጌሉ እስከ ተአምረ ማርያሙ፣ ጥቁር ጽሕፈታቸው በአብዛኛው የዚህ የጥላሸት ልጅ ነው።

ቋንቋችንም ይህን አልረሳም። የተማረ ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይባላል፤ በትምህርቱ የላቀው ደግሞ «የቀለም ቀንድ»። ቀንዱ የዘይቤ ብቻ ቀንድ አልነበረም። ጸሐፊው መሬት ላይ ወይም መደብ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ቀለሙን የሚይዘው በከብት ቀንድ ነበር፤ ሹሉን ጫፍ መሬት ላይ ይተክለውና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ከጎኑ ያቆመዋል። ብዙ ጊዜ ቀንዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ተሣለው ቅዱስ፣ ስለ ገድሉና ስለ ተአምሩ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ከሥር ይታያል። ቀለሙ ከምን ተሠራ? ምን ላይ ተቀባ? በምን ተጣበቀ? በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

ወደ ጥቀርሻው እንመለስ። አሠራሩ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ አንዱ የሚጨምረውን ሌላው አይጨምርም፤ መምህሩ ያሳየውን የሚለውጥም ጥቂት ነው። ዋናው አካሄድ ግን ይህን ይመስላል። ጥቀርሻው ይደቅና ይነፋል። እስኪጠቁር የተቆላ ገብስ ወይም ሌላ እህል፣ አንዳንዴም የተቀጠቀጠ ቅጠል ይታከልበታል። በውኃ ይበጠበጥና በዕቃ ተከድኖ ይቦካል። ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ለወራት እየተማሰለ ይቆያል፤ ሽታው ጎረቤት ያስቀይማል። በመጨረሻ ይደርቅና እንደ ቂጣ ይጋገራል። ሊጻፍበት ሲፈለግ ከዚያ ትንሽ ተቆርሶ በውኃ ይሟሟል። እንዲይዝ የሚያደርገው ደግሞ የግራር ሙጫ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጥቀርሻ በባሕርዩ ቅባታም ስለሆነ ውኃ አይወድም። ብትንቱን ውኃ ላይ ቢነሰንሱት ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥምም፣ አይዋሐድምም። ደጋግሞ መደቆሱና ማሸቱ፣ ሙጫው መታከሉ፣ እያንዳንዷ የጥላሸት ቅንጣት በውኃው ውስጥ ተበትና እንድትቆይ ያደርጋታል። ጸሐፊዎቹ ስለ ቅንጣትም ሆነ ስለ ኬሚስትሪ ቃል ሳይተነፍሱ ዋናውን ነገር በእጃቸው ደርሰውበታል።

ከአውሮፓው ቀለም ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይጎላል። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን መነኮሳት የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም በብዛት የሚሠራው በባሉጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነፍሳት ከሚያበቅሉት እብጠትና ከብረት ጨው ነበር። ሲጻፍበት ጥሩ ነው፤ ዘልቆ ይገባል። ነገር ግን ከዘመን ብዛት ፊደሉ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ በውስጡ አሲድ ስላለም አንዳንዴ ገጹን እየበላ በፊደሉ ቅርጽ ይቀድደዋል። የጥላሸት ቀለም እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ቆዳውንም አይበላም። ጠላቱ ሌላ ነው፤ ብራናው ላይ ተቀመጠ እንጂ ስላልሰረገ ጣሪያው ያፈሰሰ ዕለት ይታጠባል። ክረምት ሲገባ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብሎ የሚያይ አቃቤ ነዋይ ይህን ያውቀዋል።

ቀለሙ የሚያርፍበት ብራና ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው፤ በግና ጥጃም ያገለግላሉ። ቆዳው ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ዙሪያውን ይበሳና በገመድና በትናንሽ ችንካሮች ከአራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ጋር እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሥጋና ስቡ በስለታም ቢላ ይነሳል፤ ፀጉሩም በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ ይፋቃል። እጅ ትንሽ ያዘነበለ እንደሆነ ቆዳው ይቀደዳል፤ ለዚህም ነው በብዙ መጻሕፍት ገጽ መሐል በክር የተሰፋ ጠባሳ የሚታየው። ጸሐፊው ጠባሳውን ዘሎት ይጽፋል፤ ቃሉ ከሁለት ይከፈላል፤ አንባቢውም ለምዶታል። ከተፋቀ በኋላ በባሕር አረፋ መሰል ቀላል ድንጋይ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

መስመሩ በቀለም አይሰመርም። በወስፌ ጫፍ ዳርና ዳሩ ይበሳና ከነጥብ ወደ ነጥብ ደነዝ ብረት ይጎተትበታል። ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ላየው እያንዳንዱ ፊደል የተንጠለጠለበት ጎድጓዳ መስመር ይታያል። ዝም ብሎ ላነበበው አይታይም።

እነዚህ ዕቃዎች ምን ያህል እንደሚቆዩ ለመጠየቅ ከአድዋ ብዙም ወደማይርቀው ወደ አባ ገሪማ ገዳም መሄድ ነው። በገዳሙ የሚነገረው ትውፊት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ፀሐይ ቆማላቸዋለች ይላል። ሊቃውንተ ጥበብ ግን ለረጅም ጊዜ መጻሕፍቱን በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያስቀምጧቸው ነበር። ኋላ ከብራናው የወደቁ ቁርጥራጮች በካርቦን ሲመረመሩ ውጤቱ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ወደቀ። ይህም ሥዕል ካላቸው የዓለም ወንጌሎች መካከል ከጥንታውያኑ ተርታ ያሰልፋቸዋል። በዚህ ጉዳይ መነኮሳቱ ከምሁራኑ ይልቅ ለእውነቱ ቀርበው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በገጾቹ ላይ ያሉት ወንጌላውያን፣ ወፎችና ዓምዶች ዛሬም ቀለማቸው ሕያው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጽሐፍ ሥዕል ኑሮው በጨለማ ነው፤ የሚከፈተው ለአገልግሎት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደማቆቹ ቀለሞች። በዚህ ላይ የሚሰማ አንድ ወሬ አለ፤ የጥንቱ ሠዓሊ ቀለሙን ሁሉ ከአበባና ከቅጠል ጨምቆ ያወጣ ነበር ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የአበባ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው በቶሎ ይጠፋል። መቶ ዓመታትን የተሻገሩት ቀለሞች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ከአትክልት ይልቅ ድንጋይና አፈር በርክተው ይገኛሉ።

ቀዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማንም ገበሬ የሚያውቀው፣ ብረት ያለበት ቀይ አፈር ነው፤ ተደቁሶ፣ ተነፍቶ፣ በሙጫ ይለወሳል። ሁለተኛው ሲናባር የሚባለው፣ ከሜርኩሪና ከድኝ የተዋሐደ ማዕድን ነው። ሲናባር የመንደር ዕቃ አይደለም፤ በባሕር ተሻግሮ፣ በነጋዴ ግመልና በቅሎ ተጭኖ የሚመጣ፣ ዋጋ የሚጠይቅ ቀለም ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት አይከብድም። የአፈሩ ቀይ ወደ ሸክላ ይጠጋል፤ የሲናባሩ እንደ በርበሬ ይጮኻል። በብራና ላይ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ሲጻፍ ክብር በቀለም ተገለጠ ይባላል። በገንዘብም መገለጡን መጨመር ይቻላል።

ቢጫውም እንደዚሁ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ቢጫ አፈር፣ ሌላው ከአርሴኒክና ከድኝ የተዋሐደ ወርቅማ ማዕድን። የኋለኛው መርዝ ነው። የብሩሹን ጫፍ በከንፈሩ የማሾል ልማድ ያለው ሠዓሊ ቢኖር ዕድሜው እንደ ሥዕሉ አይረዝምም ነበር። ሰማያዊውን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ኢንዲጎ ነው፤ ልብስ የሚነከርበት ያው የተክል ቀለም። አረንጓዴ ለብቻው ከማምጣት ይልቅ ኢንዲጎውን ከቢጫው ማዕድን ጋር አዋሕዶ መሥራት የተለመደ ነበር። ነጩን ደግሞ በመጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱ ባዶው ብራና ያበድራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለ ክታብ ማንሳት ያስፈልጋል። ደብተራ የሚጽፈው የብራና ክታብ ቀለሙ ጥቁርና ቀይ ከሆነ ይበቃዋል። መጠኑ ግን ልዩ ነው፤ እንደ ልማዱ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሰውየውን እንዲጠብቀው። አንዱ የብራና ቁራጭ ከሌላው ጋር እየተሰፋ የሚረዝመውም ለዚህ ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ተዘርግቶ የሚታይ ክታብ የአንድ የማይታወቅ ሰው ቁመት ነው።

ከብራና ወደ እንጨት ስንሻገር አሠራሩ ይለወጣል። ሥዕለ አድኅኖ የሚሣልበት ሰሌዳ እንደ ዋንዛ ካለ እንጨት ይፈለጣል። ብዙ ጊዜ መሐለኛው ሰሌዳ ከነክፈፉ ከአንድ ወጥ እንጨት ይቀረጻል፤ ግራና ቀኙን እንደ በር የሚዘጉት ክንፎች ደግሞ በብረት ማጠፊያ ሳይሆን በቀዳዳ በሚያልፍ ክር ይታሰራሉ። እንጨቱ ላይ በቀጥታ አይሣልም፤ ቀለሙን ይመጠዋል። መጀመሪያ ነጭ መደብ ይደረግለታል። መደቡ የጀሶ ዱቄት ሲሆን የሚለወሰው ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው።

«ጀሶ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ የጣሪያ ጌጥ የሚሠራ ባለሙያ፣ የተሰበረ እግር የሚያሽግ ሐኪምም «ጀሶ» ይላሉ። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። የጣሊያን ሠዓሊዎች ደግሞ ለዘመናት በዚሁ ስም የሚጠሩት እንጨት ላይ የሚቀቡትን ነጭ መደብ ነበር። ቃሉ ከግንበኛ ጋር ወደ አማርኛ ከመግባቱ በፊት ዕቃው በጣና ገዳማት ሰሌዳዎች ላይ ለዘመናት ኖሯል።

ጣና ከተነሳ ፍሬ ጽዮንን ማለፍ አይቻልም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የኖረ መነኩሴ ሠዓሊ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ሲነግሡ የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር አጥብቀው ያዘዙ ንጉሥ ናቸው፤ ትእዛዙ ለሠዓሊዎች ሥራ አበዛላቸው። የኢትዮጵያ ሠዓሊ እንደ ልማዱ ስሙን አይጽፍም፤ ሥራው አምልኮ እንጂ ማስታወቂያ አይደለምና። በጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የእመቤታችን ሰሌዳ ግን የሠዓሊውን ስም ይዞ ቆይቷል። ከዚያ ሥራ ተነሥቶ፣ የልብስ እጥፋቱን፣ የፊቱን ቅርጽና የእጁን አያያዝ እያነጻጸሩ ሌሎች ሥዕሎችንም የእርሱ ወይም የደቀ መዛሙርቱ ናቸው ለማለት ተችሏል። አንድ ፊርማ ስንት በር ከፈተ!

ግድግዳ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በላሊበላ ቤተ ማርያም፣ ከዚያ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ በተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ በገርዓልታ ገደል አናት ላይ ባለው አቡነ ይምዓታ ጉሕ ያሉት የጥንት ሥዕሎች ቀጥታ ግድግዳውና ጣሪያው ላይ የተሣሉ ናቸው። ጎብኚ መጻሕፍት አብዛኞቹን «ፍሬስኮ» ይሏቸዋል። ፍሬስኮ ግን የተለየ ዘዴ ነው፤ ኖራው ገና እርጥብ ሳለ ቀለሙ በውኃ ብቻ ይቀባና ኖራው ሲደርቅ አብሮ ድንጋይ ይሆናል። የእኛዎቹ በአብዛኛው በደረቀ ልስን ላይ፣ ማጣበቂያ በተጨመረበት ቀለም የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ፍሬስኮ የሚሠራ ሰው ኖራው ሳይደርቅበት ይሯሯጣል፤ የተሳሳተውን ማረም የሚችለው ልስኑን ቆርጦ በማውጣት ነው። በደረቅ ልስን የሚሣል ሠዓሊ ግን ቀስ ይላል፣ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ነገ ይመለሳል። ለዚህ ምቾት የሚከፍለው ቀለሙ እንደ ልጣጭ ሊነሳ መቻሉን ነው።

ከጎንደር ዘመን ወዲህ ሌላ መላ ጎልቶ ወጣ። በጣና ዙሪያና በጎንደር የሚታነጹት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሳቸው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከእንጨትና ከጭቃ ነው፤ የጤፍ ጭድ የገባበት ምርጊት። ምርጊት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ የተሣለ መልአክ ክንፉ በሁለተኛው ዓመት ለሁለት ይከፈላል። መፍትሔው ጨርቅ ሆነ። የጥጥ ሸማ ወይም እንደ አቡጀዲ ያለ ጨርቅ በሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ነጭ መደብ ይቀባል፤ በዚያ ላይ ይሣላል። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ በጨርቁ ላይ ተሥሎ ያበቃና ኋላ ይለጠፋል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጨርቁ ስንጥቁን እንደ ድልድይ ይሸከመዋል።

በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ከሩቅ ግድግዳው ሁሉ አንድ ትልቅ ያጌጠ ገጽ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን የጨርቁ ድርና ማግ ከቀለሙ ሥር ይታያል፤ ሁለት ጨርቅ የተገናኘበት ዳር እንደ ልብስ ስፌት ጎልቶ ይወጣል። ሠዓሊው አንዳንድ ጊዜ መጋጠሚያውን በክፈፍ መስመር ይሸፍነዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በፈረስ ሆድ ላይ እንዲሁ ጥሎት ይሄዳል።

ለዚህ መላ ክፉ ጎንም አልጠፋለትም። በሙጫ የተለጠፈ ነገር ይላጣል። በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን ጎንደር ሲደርስ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ዓይኑ ዐረፈ። ቡድኑ ሥዕሎቹን ከግድግዳው አላቅቆ ጠቀለላቸው፤ በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ግልባጮች ተለጠፉ። ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚጠጋው ሥዕል ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የጉዞ ማስታወሻውን በ1934 መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ ዕቃ የተሰበሰበበትን መንገድ ሳይሸፋፍን በመጻፉ ከግሪዮል ጋር ተቀያየሙ። የአባ እንጦንስ ሥዕል እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ በልስን ላይ ቢሣል ኖሮ በዚያ መልክ ተጠቅልሎ አይሄድም ነበር። የሠዓሊው ብልሃት ለሥዕሉ ዕድሜ ሰጠው፤ ጠቅልሎ ለወሰደውም መንገድ ከፈተለት።

ሠዓሊው በጨርቁ ፊት ሲቆም ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ንድፉን በቀጭን መስመር ያወጣል። ከዚያ ሰፋፊውን ቦታ በየቀለሙ ይሞላል፤ ቀይ ካባ፣ ቢጫ ዘውድ፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያ። በመጨረሻ በጥቁር ቀለም ዙሪያውን ይከብበዋል፤ ዓይን፣ ቅንድብ፣ የጣት ጥፍር፣ የልብስ እጥፋት። የጥቁሩ መስመር የሥዕሉ አጥንት ነው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ያያል፤ ሰይጣን፣ አሳዳጅና ከሐዲ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ይህ ደንብ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ ሳይቀር ተሠርቶበታል፤ ኢትዮጵያዊው ወታደር ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይተኩሳል፤ ጣሊያኑ በጎን ነው።

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት ከመቶ በላይ የኪሩቤል ፊቶች ሁሉ ባለሁለት ዓይን ናቸው። ከታች ሆኖ ሲታይ አንድ ፊት በማኅተም የተደጋገመ ይመስላል። አንገትን አቅንቶ ረጋ ብሎ ላየው ግን አንዱ ቅንድቡ ከፍ ይላል፣ አንዱ አፉ ይጠብቃል፣ አንዱ ወደ ጎን ገልመጥ ይላል። እጅ እንጂ ማኅተም አልነበረም። በ1888 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ፤ የከተማው ሰው ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ብሎ ይተርካል።

ከውጭ የመጣው ቀለም ብቻ አልነበረም፤ አርአያም መጥቷል። በ1590 እና በ1591 ሮም ውስጥ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ያጌጠ ነበር። ቅጂው ኢትዮጵያ ገብቶ የጎንደር ሠዓሊዎች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገለበጡት። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማን ከማን ቀዳ የሚለው ነው። የዚህን ዝግጅት አዘጋጅ ግን ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። የታተመው ሥዕል ጥቁርና ነጭ መስመር ነው። የጲላጦስ ካባ ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ሰማዩ ቢጫ ይሁን ሰማያዊ፣ የሮሙ ወረቀት አይናገርም። ቀለሙን የወሰነው የጎንደሩ ሠዓሊ ነው። ለዚህ ነው ግልባጩ ከምንጩ አጠገብ ሲቀመጥ የአንድ ቤተሰብ ልጅ እንጂ መንትያ የማይመስለው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይለወጥ ጀመር፤ ፊቶቹም ላይ ጥላ ገባ። የንግሥቲቱ ዘመን ሥዕል በዚህ ይታወቃል።

ከዚያ አዲሱ ሰማያዊ መጣ። ለዘመናት የአውሮፓ ምርጥ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ከሚወጣ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ከወርቅ የሚወዳደር። በ1820ዎቹ ዓመታት ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ጊሜ ያንኑ ቀለም በፋብሪካ መሥራት ቻለ፤ በ1828 ለዚሁ ሽልማት አገኘ። አልትራማሪን ከዚያ በኋላ ረከሰ፤ ነጭ ልብስ ሲታጠብ ለማድመቂያ የሚጨመረው ሰማያዊ ዱቄትም ከዚሁ ዘር ነው። ቀለሙ በነጋዴ እጅ ኢትዮጵያ ሲደርስ ሠዓሊዎቹ ተደሰቱበት፤ ሰማዩን፣ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ፣ የመላእክቱን ክንፍ ሁሉ በርሱ አጥለቀለቁት። ስለዚህ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ወደ ሐምራዊ የሚጠጋ፣ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ብታዩ፣ ዲያቆኑ «ከጥንት ከጠዋቱ ነው» ቢላችሁም፣ ያ ቀለም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የተቀባ የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። ሥዕሉ የቆየ፣ ሰማዩ ግን በኋላ የታደሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል ከመቅደስ ወደ ሱቅም ወረደ። አዲስ አበባ የመጣ የውጭ አገር ሰው የንግሥት ሳባን ታሪክ በብዙ ክፍልፋይ ጨርቅ ላይ ተሥሎና ተጠቅልሎ ይገዛ ጀመር፤ እንዲህ ያለውን ሥዕል ለገበያ ከሠሩት ቀዳሚዎች መካከል በላቸው ይመር ይጠቀሳሉ። የጎጃሙ ቄስ አዳሙ ተስፋውም በቤተ ክርስቲያን የለመዱትን መስመር ይዘው ለከተማ ገዢ ሣሉ። በ2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው አሳይቷል። ቀለሙ የፋብሪካ ሆነ፤ ጥቁሩ መስመርና ትልልቁ ዓይን ግን እንዳለ ቀረ።

ለአሮጌ ግድግዳ ሥዕሎች ከዝናብ ቀጥሎ የሚያሰጋው ቅን ልብ ነው። ምእመን ገንዘብ ያዋጣል፤ ከሱቅ በቆርቆሮ የታሸገ የዘይት ቀለም ይገዛል፤ የደበዘዘው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንደ አዲስ ይቀባል። የድሮው ቀለም በሙጫ የተሠራ፣ ትንፋሽ ያለው፣ ስስ ነው። የዘይቱ ሲደርቅ ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። ከሥር ያለው ጨርቅ ከእርጥበቱ ጋር ሲሳብና ሲላላ ከላይ ያለው አይከተለውም፤ ይሰነጠቃል፤ ሲረግፍም የሥሩን ይዞ ይረግፋል። ለዚህ ሥራ ከገንዘቡ በፊት ዕውቀት ያለው ሰው መጥራት ያስፈልጋል፤ እስከዚያው ድረስ የጣሪያውን ማፍሰሻ መድፈን ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል።

አድማጮቻችን፣ ዝግጅቱን ከማሳረጋችን በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሞክሩት አንድ ነገር እንንገራችሁ። በእንጨት ከሚሠራ ድስት ቂጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቀርሻ ፋቁና ብርጭቆ ውኃ ላይ ነስንሱት። እንደ አቧራ ላዩ ላይ ይቆማል፤ በማንኪያ ብታስጠልቁትም ተመልሶ ይወጣል። አሁን ሌላ ጥቀርሻ በድንጋይ ላይ አድርጋችሁ፣ በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። አንድ ሩብ ሰዓት አይበቃም፤ እጃችሁ እስኪደክም ይታሽ። ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ጫፉን ሾል አድርጋችሁ፣ መሐሉን በምላጭ ትንሽ ሰንጥቃችሁ ብርዕ ሥሩ። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው «ሀ» ምናልባት ይዘረከርካል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ግን ይቆማል። ጣታችሁ ላይ የቀረው ጥቁር በሳሙና ቶሎ አይለቅም፤ የጥፍራችሁ ዳር እስከ ሳምንት ድረስ ይዞት ይቆያል።